ደላላው ሰፈር ሲገባ ልጆቻችንን እንዴት እናትርፍ?

ኮምቦልቻ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል፣ አንዱ ወደ ባቲ። ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ ጅቡቲ፣ ከዚያ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ሲሳካ ሳዑዲ። ይህን መስመር እዚህ የማያውቀው ሰው የለም። ልጆቻችንም ያውቁታል፤ ደላላ በዚሁ መስመር ነው የሚወስዳቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ልጅ በደላላ ስትሄድ "ምን ላርግ፣ ራሷ ናት የፈለገችው" ሲባል እንሰማለን። ልጅቷ 18 ካልሞላት ይሄ መልስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው በሰው መነገድን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ልጅን ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ ማታለልም ማስገደድም ባይኖርበት እንኳ በሰው መነገድ ነው ይላል። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም በሰው መነገድን በከባዱ ይቀጣል። ድንበር መሻገር የግድ አይደለም፤ ከገጠር ልጅ አምጥቶ ደሴ ውስጥ በሰው ቤት እንደ ባሪያ ማሠራትም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

ደላላ ቀድሞ የሚነካው ዕድሜን ነው። የ15 ዓመቷን ልጅ 20 ያደርጋትና መታወቂያ ያስወጣላታል። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ። አዲስ የተወለደ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። ለትልልቆቹም አልፏል አትበሉ፣ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙት። ደግሞ በጉርብትና ተለምናችሁ ለውሸት ዕድሜ ምስክር እንዳትሆኑ፣ በእናንተ ፊርማ ነው ልጅቷ የምትወጣው።

ደላላው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሰው ነው። የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች ጓደኛ። "አሁን ሳንቲም አትከፍሉም፣ ስትደርስ ሠርታ ትከፍላለች" ካለ ያኔውኑ ንቁ። በነፃ የሚወስድ ሰው ገንዘቡን የሚያስወጣበት ቦታ አለው፤ መንገድ ላይ ልጁን ይይዙትና እየደበደቡ ለቤተሰብ ያስደውሉታል፣ በሬውም መሬቱም ለዚያ ይሄዳል። ሕጋዊው የውጭ አገር ሥራ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው የለም፣ በቃ።

ልጅ ሊሄድ እንዳሰበ ከጠረጠራችሁ አትጩኹ። የጮኹበት ልጅ ሌሊት ይጠፋል። ቡና ተፈልቶ ሁሉም ሲቀመጥ ሳይሆን ለብቻው አውሩት። ማን አነጋገረህ? ከማን ጋር ነው የምትሄደው? የሰውየውን ስልክ ቁጥር ስጠኝ። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በቡድን ነው የሚመካከሩት፣ ስለዚህ የጓደኞቹንም ወላጆች ያን ቀኑን አግኙ።

መናኸሪያ ላይም ዓይናችሁን ክፈቱ። አራት አምስት ልጆች ከአንድ ጎልማሳ ጋር ቆመዋል እንበል። ሻንጣ የላቸውም፣ አንድ አንድ ፌስታል ብቻ። "የት ነው ልጄ?" ስትሏት ልጅቷ ወደ ሰውየው ታያለች፣ እሱ ይመልስላታል። ስልኳም እሱ ኪስ ነው። ከሰውየው ጋር አትጣሉ፣ ልጆቹን ይዞ ይሰወራል። የመኪናውን ታርጋ ያዙና እዚያው ላለው ፖሊስ ንገሩ። የልጆቹን ፊት ቀርጻችሁ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ።

ልጁ ከሄደ ደግሞ ሰዓት ነው ዋናው። "24 ሰዓት ይሙላ" የሚላችሁን አትስሙ። ፎቶውን፣ የለበሰውን ልብስ፣ የራሱንና አብረውት የጠፉትን ልጆች ስልክ ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ ባቲና ሚሌ ላይ ያለ ፖሊስ እንዲነገረው በግልጽ ጠይቁ። በዚያ መንገድ የሚሠራ ሹፌር የሚያውቅ ሰው ካለም ደውሉለት።

ለማስለቀቂያ ገንዘብ ከተደወለ የደወለውን ቁጥር፣ ገቢ አድርጉበት የተባላችሁትን የባንክ ሒሳብና የሒሳቡን ባለቤት ስም ጻፉ። ሒሳቡ እዚሁ አገር ውስጥ የተከፈተ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ለፖሊስ ትልቅ ፍንጭ ነው። ድምፁ የጠፋ ልጅ ካላችሁ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፣ አያስከፍልም። ሳዑዲ ያለ ልጅ ከሆነ ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳ ደግሞ ቆንስላ አለን። ኦቦክ ላይም ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ተመላሾችን የሚቀበልበት ማዕከል አለው።

የተመለሰ ልጅ ሲገባ "ምን ይዘህ መጣህ?" አትበሉት። ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ፣ ትምህርት ቤትም ክፍሉ ከዕድሜው ቢያንስም መልሳችሁ አስመዝግቡት። ለጉዞው የተበደራችሁት ገንዘብ ካለ ዕድሩንና ዘመድን ሰብስባችሁ አዋቂዎቹ ተካፈሉት፤ ዕዳው ልጁ ላይ ከተጫነ ለመክፈል ብሎ ያንኑ ደላላ ነው ተመልሶ የሚፈልገው።