የእናት መስመርን ከታይዋን እስከ ማዳጋስካር ስንከተል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በማሌይ ቋንቋ አምስት ቁጥር "ሊማ" ይባላል። ፊሊፒንስ ውስጥ በታጋሎግም "ሊማ" ነው። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች "ሪማ" ይላሉ። እዚሁ አፍሪካ አጠገብ ባለችው ማዳጋስካር ደግሞ "ዲሚ" ሆኗል። ከማዳጋስካር እስከ ራፓ ኑይ፣ ማለትም እስከ ኢስተር ደሴት ድረስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ቋንቋዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ኦስትሮኔዥያን ይባላሉ፤ መነሻቸውም ታይዋን እንደሆነች ይታመናል።

እነዚህን ቋንቋዎች በታንኳ ይዘው ባሕር ካቋረጡት መካከል እናቶች ነበሩ። የእነሱ ዱካ ዛሬም በዘሮቻቸው ሴል ውስጥ ይነበባል። እኛ አገር ስማችን የአባትንና የአያትን ስም ይዞ ይሄዳል። የእናት እናት እናት ስም ግን ሁለት ሦስት ትውልድ ሳይሞላው ይረሳል። ለዚህ ይሆናል ይህ ዱካ ልቤን የሚነካው። በስህተት ሲነበብ ደግሞ ከልቤ አዝናለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴላችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጭ ማይቶኮንድሪያ የሚባል ክፍል አለ። የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃ የተጻፈበት ሰንሰለት አለው፤ 16,569 ፊደላት ያህል። እናት ይህን ለወንዱም ለሴቷም ልጇ ትሰጣለች። ወደሚቀጥለው ትውልድ የምታሻግረው ግን ሴቷ ብቻ ናት። ከአባት ጋር አይደባለቅም። አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይቀየራል፤ ለውጡም ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ ይቀጥላል። ተመሳሳይ ለውጦች ያሏቸው መስመሮች አንድ ላይ ሲመደቡ ሀፕሎግሩፕ ይባላሉ።

አንዷን እናት የዘር ሁሉ ምንጭ ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ብንሄድ 1,024 የአያት ቦታ አለ። የእናት መስመር ከእነዚህ ውስጥ የሚያሳየን አንዷን ሴት ብቻ ነው። ከጋቢ ላይ እንደተመዘዘ አንድ ክር ማለት ነው። ክሩ እውነተኛ ነው፤ ጋቢው ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ፖሊኔዥያን፣ ማለትም ከሃዋይ እስከ ኒውዚላንድ ያሉትን የፓስፊክ ደሴቶች እንይ። እ.ኤ.አ. በ2006 የዘረመል ተመራማሪው ማንፍሬድ ካይሰርና ባልደረቦቹ የፖሊኔዥያውያንን የእናት መስመርና ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን የአባት መስመር ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከእናት መስመሮቹ 94 በመቶ ገደማው ከእስያ የመጡ ናቸው። ከአባት መስመሮቹ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከኒው ጊኒ አካባቢ፣ ከሜላኔዥያ ናቸው። ጠቅላላው ዘረመል ሲታይ ደግሞ ወደ 80 በመቶ እስያዊ፣ የቀረው ሜላኔዥያዊ ሆነ። ሕዝቡ ያው አንድ ሕዝብ ነው። የእናትን ብቻ ያየ ሰው "ንጹሕ እስያውያን ናቸው" ይላል። የአባትን ብቻ ያየ ተቃራኒውን ይላል። ሁለቱም የያዙት ግማሽ ወሬ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ከጋብቻ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። ሴቶቹ በተወለዱበት መንደር ይቀራሉ፤ ወንዶቹ ወደ ሚስቶቻቸው ቤት ይገባሉ። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ የውጭ ወንድ ሲቀላቀል የአባት መስመሩ ይቀየራል፣ የእናቱ ባለበት ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጥንታዊ አጽሞች የተገኘ ዲኤንኤም ይህን የሚደግፍ ሆኖ ወጥቷል። የጥንቶቹ የፓስፊክ ባሕረኞች የእናት መስመር ከደሴት ደሴት ይለያይ ነበር፤ ከመንደር መንደር ይዘዋወሩ የነበሩት በአብዛኛው ወንዶቹ ነበሩ።

ዘጠኙ ፊደላት የሚያሳስቱት

በማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ አንድ ቦታ ላይ ዘጠኝ ፊደላት ሁለት ጊዜ ተከታትለው ይደጋገማሉ። አንዳንድ ሰዎች ላይ አንዱ ድግግሞሽ ጠፍቷል። ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ጉድለት "የእስያ ምልክት" ተብሎ ይጠራ ነበር። በፖሊኔዥያ ደሴቶች ሕዝብ ዘንድ በጣም የበዛ ስለሆነ፣ ያለው ሰው ሁሉ ከእነሱ ወገን ይመስላል።

አይደለም። ይኸው ጉድለት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይም አለ። የእነሱ ሀፕሎግሩፕ ቢ2 እና የፖሊኔዥያው ቢ4ኤ1ኤ1 ሥራቸው ወደ ኋላ በእስያ አንድ ስለሆነ፣ ጉድለቱን ከዚያው የጋራ እናት ወርሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1947 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ግንድ አስሮ በሠራት ኮን-ቲኪ ከፔሩ ተነስቶ በ101 ቀን የፖሊኔዥያ ደሴት ላይ ደርሶ ነበር። ፖሊኔዥያውያን ከአሜሪካ መጡ የሚለውን ሐሳብ ለማሳየት ነው። ዘጠኙን ፊደላት ብቻ ያየ ሰው "ልክ ነበር" ሊል ይችላል። የሌሎቹ ፊደላት ለውጥ ሲነበብ ግን ሁለቱ ቅርንጫፎች አሜሪካም ሆነ ፖሊኔዥያ ሳይደርሱ እንደተለያዩ ይታያል።

የሚገርመው፣ በኋላ እውነተኛ ግንኙነት መኖሩ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ፖሊኔዥያውያንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1200 አካባቢ ተገናኝተው እንደተዋለዱ አሳየ። ይህን የተናገረው ግን ከሁለቱም ወላጅ የሚወረሰው ጠቅላላው ዘረመል ነው እንጂ የእናት መስመሩ አይደለም። አንድ ቅድመ አያት በእናት መስመር ላይ ስላልታየ አልነበረም ማለት አይደለም።

ማዳጋስካር ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። አፍሪካ ውስጥ ኤል0ኤ2 የሚባል የእናት መስመር አለ። ያንኑ ዘጠኝ ፊደል በራሱ ጊዜ፣ ከእስያው ጋር ምንም ሳይገናኝ አጥቷል። ስለዚህ ማዳጋስካር ላይ ይህ ጉድለት ያላት አንዲት ሴት የእናት መስመሯ ከኢንዶኔዥያ በታንኳ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወይም ከዋናው የአፍሪካ ምድር የተሻገረ። ሁለቱም በደሴቲቱ አሉ። አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ የሰው አያት መቀየር ነው።

በስሙ መታለል

ከቢ4ኤ1ኤ1 ጋር የሚነሳው ዝነኛ የፊደል ጥምረት "የፖሊኔዥያ ምልክት" ይባላል። ስሙ የወጣለት ፖሊኔዥያ ላይ እጅግ ስለበዛ ነው። ግን በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ፣ በኒው ጊኒ ጠረፍ፣ በሰለሞን ደሴቶችም ይገኛል። ማዳጋስካርም ደርሷል፤ እዚያ 1473 እና 3423 በተባሉት ቦታዎች ላይ ሁለት ተጨማሪ ለውጦች ይዞ የራሱ ቅርንጫፍ ሆኗል። ምልክቱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ፖሊኔዥያዊ አይደለም።

ምልክቱ የሌለው ሰው ደግሞ ባዕድ አይደለም። በምዕራብ ፓስፊክ የማሪያና ደሴቶች ነባር ሕዝብ የሆኑት ቻሞሮዎች አብዛኞቹ ሀፕሎግሩፕ ኢ ውስጥ ናቸው። ቋንቋቸው ግን ኦስትሮኔዥያን ነው። ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ውስጥ ኤም7፣ ኤፍ1ኤ እና ሌሎችም የእናት መስመሮች በብዛት አሉ።

አጭሩን ክፍል አንብቦ መደምደም

ርካሽ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ከ16,569ኙ ፊደላት ጥቂት መቶውን ብቻ ነው። ለሌላ ሕዝብ ይህ ሊበቃ ይችል ይሆናል። ለዚህ መስመር ግን አደገኛ ነው። ከምልክቱ ፊደላት አንዱ፣ 16247 የተባለው ቦታ፣ በጣም የማይረጋ ነው። እየተቀየረ ወደ ድሮው ይመለሳል። ያኔ አንዲት የሳሞአ ሴት ምልክቱ የሌላት፣ የጥንቱ መስመር ላይ ያለች ትመስላለች። 16189 ላይ ያለው ለውጥ ደግሞ "ሲ" የተባለው ፊደል በረጅሙ ተከታትሎ እንዲሰለፍ ስለሚያደርግ፣ የድሮ መሣሪያዎች እዚያ ላይ ንባባቸው ይደበላለቅ ነበር። የሚቻል ከሆነ ሙሉው ይነበብ።

የለውጡን ዕድሜ የመርከቧ ቀን ማድረግ

"ይህ መስመር 6,000 ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ደሴቲቱ ላይ ከ6,000 ዓመት በፊት ደርሰዋል።" ይህን ዓይነት አባባል ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ለውጡ የተፈጠረው ሰዎቹ ገና ሌላ ቦታ ሳሉ ሊሆን ይችላል። አንዲት ልጅ የተወለደችበት ዓመት ቤት የቀየረችበትን ዓመት አይነግረንም። ከሰለሞን ደሴቶች ባሻገር ያሉት ቫኑዋቱና ቶንጋ ሰው የሰፈረባቸው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ኒውዚላንድ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን። እነዚህን ቀኖች የምናገኘው ከሸክላ ስብርባሪ፣ ከከሰልና ከአጽም ነው። ዘረመሉ ከእነሱ ጋር አብሮ ይነበባል እንጂ ብቻውን ቀን አይቆርጥም።

ሠላሳዎቹ ሴቶች

እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪው መሬይ ኮክስና ባልደረቦቹ የማዳጋስካር ሕዝብ ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ከ30 ገደማ ሴቶች እንደጀመረና ከእነሱም አብዛኞቹ ኢንዶኔዥያውያን እንደነበሩ አሰሉ። ወሬው ሲዛመት አንዲት መርከብ 30 ሴቶችን ጭና ማዕበል እንደወሰዳት ተደርጎ ተተረከ። ስሌቱ ግን የሚናገረው የእናት መስመራቸው እስከ ዛሬ ስለዘለቀ መሥራቾች ነው። ወንድ ልጆች ብቻ የወለደች ሴት መስመሯ እዚያው ላይ ይቆማል። ያልወለደችም እንዲሁ። ከታንኳዎቹ የወረዱት ሴቶች ከ30 ሊበልጡ ይችላሉ። በስንት ታንኳ፣ በስንት ጉዞ እንደመጡም ቁጥሩ አይነግረንም።

ቋንቋና ደምን አንድ ማድረግ

የማዳጋስካር ቋንቋ የቅርብ ዘመዱ በደቡብ ምሥራቅ ቦርኒዮ የሚነገረው ማአንያን ነው። ስለዚህ ብዙዎች እናቶቹም ከማአንያን መንደሮች የመጡ አድርገው ያስባሉ። ነገር ግን የማላጋሲዎቹ፣ ማለትም የማዳጋስካር ሰዎች ቢ4ኤ1ኤ1 የሚያመለክተው ወደ ምሥራቅ ኢንዶኔዥያ ነው፤ ቦርኒዮ ላይ ይህ መስመር እጅግ ብርቅ ነው። ቋንቋው አንድ መንገድ ያሳያል፣ የእናት መስመሩ ሌላ።

ቫኑዋቱ ደግሞ ከሁሉም ግልጽ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከቴኦማ መቃብር የወጡ የ3,000 ዓመት ገደማ አጽሞችን መረመረ። የኒው ጊኒ ዘር ከሞላ ጎደል የለባቸውም። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከምዕራብ አዳዲስ ሰዎች እንደመጡና የሕዝቡ ዘረመል በአብዛኛው እንደተቀየረ አሳዩ። የዛሬዎቹ ነዋሪዎች ግን አሁንም የሚናገሩት የኦስትሮኔዥያን ቋንቋዎችን ነው። ሰው ሲቀየር ቋንቋው ቀረ።

ወላጅና አሳዳጊን አለመለየት

ቤተሰብ ጋ ሄደው የእናት እናትን ስም የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ጥያቄ አለ። ማን ወለደቻት? ማን አሳደገቻት? ማኦሪዎች "ፋንጋይ"፣ የሃዋይ ሰዎች "ሃናይ" የሚሉት ከእኛ ጉዲፈቻ ጋር የሚቀራረብ ልማድ አላቸው። ልጅ በዘመድ ቤት፣ በተለይም በአያት እጅ ማደጉ ነውር የሌለበትና የከበረ ነገር ነው። ስለዚህ የዲኤንኤው ውጤት በቃል ከተነገረው ጋር ባይገጥም አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። አሳዳጊዋ እናት ናት። ዲኤንኤው የሚያውቀው ግን የወለደችዋን ብቻ ነው።

ሳያስፈቅዱ መውሰድ

እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋማት፣ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የሃጋሃይ ሕዝብ ከአንድ ሰው ደም በተገኘ፣ በቤተ ሙከራ እየተባዛ በሚኖር የሴል ዘር ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ። ቁጣው ከባድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መብቱን ተዉት። ሃጋሃዮች ቋንቋቸው ኦስትሮኔዥያን አይደለም። ነገሩ ግን በመላው ፓስፊክ ተሰማ፤ ዛሬም ናሙና ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው የሚጠበቅበትን ጥንቃቄ ከፍ አድርጎታል።

የእናት መስመር ላይ ይህ በተለይ ከባድ ነው። አንዲት ሴት ምራቋን ስትሰጥ የእህቶቿንም፣ የእናቷንም፣ የእናቷን እህቶችም፣ የእህቶቿን ልጆችም መስመር አብራ ትሰጣለች። የሁሉም ያው አንድ ነው። ስለዚህ ቱቦው ከመከፈቱ በፊት በእናት በኩል ያለችውን ትልቋን ሴት ፈልጎ፣ ቁጭ ብሎ፣ ምን ሊደረግ እንደታሰበ መንገር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ስሞቹን ሁሉ የምታውቀውም እሷው ናት።