የተበጠሰ የታይሚንግ ቺንጊያ በአሮጌ ኮሮላ ላይ እንዴት ይቀየራል?

መኪናዋ በደህና እየሄደች ሳለ ሞተሩ በድንገት ከጠፋ፣ ቁልፍ ሲዞር ደግሞ ሞተሪኖው ከወትሮው ቀለል ባለ ድምፅ በፍጥነት ካሽከረከረው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የታይሚንግ ቺንጊያ፣ ማለትም ከክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ) ወስዶ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው ባለ ጥርስ ጎማ ነው። ለማረጋገጥ ብዙ መፍታት አያስፈልግም። የዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ክዳን ያንሱና ሌላ ሰው ለአፍታ ቁልፍ ያዙርልዎ። ውስጥ ያለችው ሮተር ካልዞረች ካምሻፍቱ አይዞርም ማለት ነው፤ ቺንጊያው ተበጥሷል ወይም ጥርሱ ተልጧል። ከዚህ በኋላ «ምናልባት ይነሳ ይሆናል» ብሎ ሞተሪኖ መደጋገም ባትሪ ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም።

እዚህ የማስረዳው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተሠርተው 1.6 ሊትር 4ኤ-ኤፍኢ ወይም 1.5 ሊትር 5ኤ-ኤፍኢ ሞተር ስላላቸው ኮሮላዎች ነው። እነዚህ ሞተሮች ቺንጊያቸው ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተናቸው አይጋጭም፤ በትክክል ከተገጠመላቸው ይነሳሉ። ሚኒባስና ሃይሉክስ ላይ ያሉት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የናፍጣ ሞተሮች ግን ሌላ ናቸው። እነሱ ላይ ቺንጊያ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል። ስለዚህ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሳይታይ ቺንጊያ ብቻ ቀይሬ ላስነሳ አይበል።

ዕቃ ሲገዙ ቺንጊያውን ብቻ ይዘው አይመለሱ። ውጥረት የሚሰጠው ፑሌጃ ከነሞላው፣ የካምሻፍቱና የክራንክ ሻፍቱ የፊት ፓራዮሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ)፣ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አብረው ይገዙ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ስገዛ ኖሬአለሁ፣ ወደፊትም እገዛለሁ፤ ያገለገለ የታይሚንግ ቺንጊያ ግን በነፃ ቢሰጠኝ አልገጥምም። ጎማ ስለሆነ በዕድሜም ይደርቃል። አሮጌው በእጅዎ ካለ ይዘውት ይሂዱ፤ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ስፋቱንና የጥርሱን ብዛት ያመሳክሩ። የውሃ ፓምፑ በእነዚህ ሞተሮች ላይ በታይሚንግ ቺንጊያ አይዞርም። ነገር ግን ለማውጣት እነዚሁ ሽፋኖች መነሳታቸው ስለማይቀር የሚያንጠባጥብ ከሆነ አሁኑኑ ይቀየር።

ሞተሩ በርዶ፣ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። የፊት ቀኝ ጎማ ይውጣ፤ መኪናዋ በክሪክ ብቻ ሳትሆን በማቆሚያ ላይ ትረፍ። የውጭ ቺንጊያዎቹ፣ ካንዴላዎቹና የቫልቭ ክዳኑ ይፈቱ። ካንዴላ መፍታቱን አይዝለሉት፣ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሲያዞሩ ዋጋውን ያዩታል። ከዚያ የዘይት ቋቱ ሥር ጣውላ አስደግፈው በክሪክ ሞተሩን ይደግፉና የቀኙን ማውንቲንግ ያውጡ።

ቀጥሎ የክራንክ ፑሌጃው ብሎን ይመጣል፤ የ19 ቁጥር ቡሶላና ረጅም እጀታ ይፈልጋል። ብዙ ጋራዥ ውስጥ እጀታውን ከሻሲ ጋር አስደግፎ በሞተሪኖ መምታት የተለመደ ነው። እኔ አልደግፈውም፤ እጀታው ከተፈናጠረ እጅ ይሰብራል። በእጅ ማርሽ መኪና ላይ አምስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ረዳት ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ መፍታት ይቻላል። በአውቶማቲክ ላይ ፑሌጃው ፊት ላይ የብሎን ጥርስ በወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ላይ መያዣ ብረት በብሎን ይታሰራል። በሰንሰለት መያዣ ግን አይንኩት፣ በፑሌጃው መሀል ያለውን ጎማ ይጎዳል። ሦስቱ የፕላስቲክ ሽፋኖች ቀላል ናቸው፤ የብሎኖቻቸው ርዝመት ስለሚለያይ ብቻ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ይቀመጡ።

አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት አሮጌው ለምን እንደተበጠሰ ይፈልጉ። ዘይት የነካው ከሆነ ፓራዮሊዮው አሳልፏል ማለት ነው። ውጥረት ሰጪውን ፑሌጃ በጣት ሲያሽከረክሩት ካንጎራጎረ ወይም ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው አልቋል። ጥርሱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተላጠ ደግሞ የያዘው ነገር ሊኖር ስለሚችል ካምሻፍቱ በመፍቻ ሲዞር ሳይነክስ መሄዱን ይመልከቱ። ምክንያቱ ካልተነካ አዲሱም ዕድሜ አይኖረውም።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ምልክት ማስተካከል። ቺንጊያው ሳይበጠስ የሚቀይሩ ሰዎች አሮጌው ላይና ፑሌጃዎቹ ላይ በኮሬክተር ምልክት አድርገው ወደ አዲሱ ይገለብጣሉ። ቺንጊያው ከተበጠሰ ግን የሚገለበጥ ነገር የለም። ካምሻፍቱ በራሱ ቦታ ቆሟል፣ ክራንኩ በራሱ። መተማመን ያለብዎት ፋብሪካው በቀረጸው ምልክት ብቻ ነው።

ከታች ይጀምሩ። ትልቁ ፑሌጃ ስለወጣ ሽፋኑ ላይ ያለው «0» አሁን አይጠቅምም፤ ትንሹ የክራንክ ጥርስ ላይ ያለው ምልክት የዘይት ፓምፑ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር ይግጠም። ከላይ፣ የካምሻፍቱ ፑሌጃ ላይ የላቲኑ ፊደል «ኬ» አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ከበስተጀርባዋ የመጀመሪያው የካም ማቀፊያ ላይ ካለው ጭረት ጋር ትግጠም። ፑሌጃው ሌሎች ቀዳዳዎችም ስላሉት ፊደሉን ሳያዩ አይወስኑ። ካሙን ሲያዞሩ የቫልቭ ሞላዎቹ ሊገፉት ስለሚችሉ ካምሻፍቱ ላይ በተሠራው ባለ ስድስት ጎን ቦታ በመፍቻ ይያዙት።

አንድ ጥርስ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ አገጣጠም ሳይሆን አተያይ ነው። ጭረቱ ከፑሌጃው ወደ ኋላ ገባ ያለ ስለሆነ ከላይ አጎንብሰው ሲያዩት የገጠመ ይመስላል፣ በትክክል ፊት ለፊት ሲያዩት ግን ዞር ብሏል። የስልክ መብራት ያብሩ፣ ዓይንዎን ከቀዳዳዋ እኩል ዝቅ ያድርጉ፣ ጭረቱ የቀዳዳዋ መሀል ላይ ሲታይ ብቻ ይቀበሉት። ሌላ ቦታ ቺንጊያ ከተቀየረላት በኋላ ዳገት እምቢ ያለች ኮሮላ ከፍቼ አይቻለሁ፤ ካንዴላና ገመድ ሁሉ ተለውጦላት ነበር፣ ጥፋቱ ግን አንድ ጥርስ ነበር።

ውጥረት ሰጪውን ፑሌጃ ወደ ልቅ ቦታው ገፍተው ብሎኑን ለጊዜው ያጥብቁ። ቺንጊያውን ከክራንኩ ጀምረው ወደ ላይ ያልብሱ። ፑሌጃው በሌለበት በኩል ያለው ክፍል የተወጠረ ይሁን፤ ልቅነቱ ሁሉ ወደ ፑሌጃው ጎን ይሰብሰብ። ከዚያ የፑሌጃውን ብሎን ያላሉት፣ ሞላው ራሱ ይስበዋል። በካቻቢቴ ተጭኖ ተጨማሪ ውጥረት መስጠት ልማድ ሆኗል፣ ግን የኩሽኔታውን ዕድሜ ያሳጥራል።

የክራንኩን ብሎን ለጊዜው አስገብተው፣ በመፍቻ በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ስለሚዞር ሁለቱም ምልክቶች እንደገና መገናኘት አለባቸው። ምልክቱን ካለፉት ወደ ኋላ አይመልሱ፤ ሁለት ዙር ይጨምሩ። የሚነክስ ነገር ከተሰማዎት ያቁሙ። ሁለቱም ምልክቶች ከገጠሙ የውጥረት ሰጪው ፑሌጃ ብሎን በ37 ኒውተን ሜትር ይጠብቅ። ካልገጠሙ ቺንጊያው ወርዶ ከመጀመሪያው ይጀመር፤ «ትንሽ ናት» የሚባል ልዩነት የለም።

ሲመልሱ ክራንኩ ላይ የሚገባው የቺንጊያ መጠበቂያ ሳህን ጎድጓዳ ጎኑ ወደ ውጭ ይሁን። የክራንኩ ዋና ብሎን 118 ኒውተን ሜትር ስለሚፈልግ ቶርክ ሬንች ይዋሱ፣ በግምት አይጥበቅ። ሌላው የአፈታቱ ተቃራኒ ነው።

ሞተሩ ከተነሳና ከሞቀ በኋላ በታይሚንግ ላይት (ካንዴላ እሳት በሚሰጥበት ቅጽበት ብልጭ በሚል መብራት) ይለኩት። ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት «ቲኢ1» እና «ኢ1» በሽቦ ተገናኝተው የትልቁ ክራንክ ፑሌጃ ምልክት ሽፋኑ ላይ ካለው 10 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት፤ ካልሆነ ዲስትሪቢውተሩን ትንሽ በማዞር ይስተካከላል። ሽቦውን መልሰው ያንሱ። የኪሎ ሜትሩን ንባብና ቀኑን ሽፋኑ ላይ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉት። ቀጣዩ ቅያሬ በ100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀኑን በመንገድ መዘጋጋት ለምታሳልፍ መኪና ግን እኔ ከዚያ ቀደም ብዬ እቀይራለሁ።