በሩ ኮሽ ይበል፦ የኪችን ካቢኔት ሥራ ላይ የማይለቁን ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ሙያውን የተማረው እኔ ጋ ነው፤ አሁን የራሱን ቤት ከፍቷል። "ጋሼ፣ በሩ ተሰነጠቀ" አለኝ። "መሀሉን በኮላ ለጥፈኸዋል አይደል?" አልኩት። ዝም አለ።

ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! ዛሬ ደግሞ ልጻፈው።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም አያርፍም። ክረምት ላይ እርጥበት ይጠጣና ይሰፋል። በጋ ላይ ይደርቅና ይጠባል። ለውጡ በወርዱ ነው፤ በቁመቱ ያለው ከቁጥር አይገባም። ለዚህ ነው የድሮ አናጢዎች የጣውላ በር ሲሠሩ መጀመሪያ ዙሪያውን በቋሚና በአግዳሚ የሚያዋቅሩት። ከውስጥ በኩል ቦይ ያወጡለታል። የመሀሉን ጣውላ ቦዩ ውስጥ ሰክተው ይተዉታል። ያለ ኮላ፣ ያለ ምስማር። እኔ 40 ሴ.ሜ ወርድ ላለው መሀል በየጎኑ 3 ሚ.ሜ ያህል ክፍተት ቦዩ ውስጥ እተውለታለሁ።

ጀማሪ ታዲያ እዚህ ላይ ይደነግጣል። በሩን ሲያነሳው ኮሽ ኮሽ ይልበታል። "ይሄማ አልጠበቀም" ይልና ኮላውን ያፈስበታል። ሐምሌ ላይ ዓይን የሚያፈዝ በር ያስረክባል። ጥር ሲመጣ እንጨቱ ልጠብ ሲል ኮላው አልለቅም ይለዋል፤ ጣውላው ከመሀሉ ለሁለት ይከፈላል። ኮላው ጥሩ በሆነ ቁጥር ስንጥቁ ይብሳል! ኮሽ ይበል ተወው። ኮሽ የሚል በር ጤነኛ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ለአንድ ቤት 9 የዋንዛ በር ሠራሁ። ስድስቱ ተሰነጠቁ። የእንጨቱን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ።

እርጥብ እንጨት ሌላው ጣጣ ነው። ሻጭ ሁሉ "ደረቅ ነው" ይላል። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ገባ ብለህ ቁራጭ አውጣ። በኩሽና ሚዛን መዝነው፣ ኦቨን ውስጥ ከ100 ዲግሪ ትንሽ በለጥ ባለ ሙቀት አድርቀው፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ደጋግመህ መዝነው። የቀነሰውን ለደረቁ ክብደት አካፍል። ከ12 በመቶ በላይ ከሆነ አትንካው። 2.5 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ጣውላ፣ በየመሀሉ ስንጥር እየገባ በጥላ ተደርድሮ፣ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ዋንዛ ወይም ዝግባ ከሆነ ደግሞ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። እነዚህን ያለ ፈቃድ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ክልክል ነው።

ብሎን በጣውላው አናት፣ ማለትም ቁመቱ በተቆረጠበት ጫፍ በኩል አታስገባ፤ አጥብቆ አይይዝም።

መሳቢያን በምስማር የሚገጥም ሰው ምን እንደምለው አላውቅም። ባለቤቷ በቀን ሃያ ጊዜ ነው የምትጎትተው። የመሳቢያውን ማዕዘን እንደተጠላለፉ ጣቶች አድርገህ በመጋዝና በመሮ አውጣው።

ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው ብለህ አትመን። ስኳድራህ (የማዕዘን መለኪያህ) ልክ ነው፣ ቤቱ ግን አይደለም። በየዳሩ 3 ሴ.ሜ ትርፍ እንጨት ትተህ፣ ቦታው ላይ ስትደርስ በግድግዳው ቅርጽ ላገው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ልጆቹ ከስልክ ላይ የፈረንጅ ኪችን ፎቶ ያወርዳሉ። ከነልኩ ይገለብጡታል፦ ጥልቀቱ 60፣ ከፍታው 90፣ በላዩ 55 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል ቁም ሣጥን። ያማረ ነው። ምጣዱስ የት ይቀመጥ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰሌዳው ብቻ ወደ 60 ሴ.ሜ ይሆናል። ከነአካሉ ጠረጴዛው ላይ ካወጣኸው ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር ደግሞ እንፋሎቱ ቀጥታ የተንጠለጠለውን ሣጥን ሆድ ይመታዋል። ኤምዲኤፍ (በኮላ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) ከሆነ በጥቂት ወራት እንደ ዳቦ ያብጣል። ጣውላም ቢሆን አይወደውም።

አንዲት እናት ካቢኔታቸውን ሳስረክብ ዞር ዞር ብለው አዩት። "ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ግን የት ነው የምጋግረው?" አሉኝ። ቡሃቃውም፣ የጤፍ ጆንያውም፣ ረከቦቱም ቦታ አልነበረውም። ሁለት ሣጥን ነቅዬ ጥጉን እንደገና ሠራሁት፦ ዝቅ ያለ፣ ክፍት፣ 75 በ75፣ ከላዩ ምንም ያልተንጠለጠለበት። ከዚያ ወዲህ ሜትር ከማውጣቴ በፊት "ምጣዱን ያሳዩኝ" እላለሁ።

ታችኛውን ሣጥን ወለል ላይ አታስቀምጥ። እኛ አገር ወለል በውሃ ነው የሚታጠበው። 10 ሴ.ሜ እግር ስጠው።

ቫርኒሽ የሚታየውን ፊት ብቻ የሚቀባም አለ። ጀርባው እርጥበት ይጠጣል፣ ፊቱ አይጠጣም፣ በሩ እንደ ሰፌድ ይጎብጣል። ሁለቱንም ፊት እኩል ቀባ።

ልጁ ቅዳሜ በሩን ይዞ ይመጣል። ዙሪያው ደህና ነው። የተሰነጠቀውን መሀል ቆርጠን እናወጣለን። ከዚያ የቦዩን የኋላ ከንፈር በመሮ እናነሳና አዲሱን ጣውላ ከጀርባ እናስገባለን። በቀጭን እንጨት ይያዛል። ምስማሩ የሚመታው ዙሪያው ላይ ነው፤ ጣውላው ላይ ከመታው መዶሻውን እቀማዋለሁ።