ለበር ካሜራ በየወሩ ልክፈል? ፍሪጅ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

አምና በኅዳር እናቴ የላከችው በርበሬ ጠፋብን። በርበሬ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ሽሮ ነበረበት፣ ኮሰረት ነበረበት፣ ለልጆቹ ብላ የቋጠረችው ዳቦ ቆሎም ነበረበት። ያመጣልን ሰው የባለቤቴ ጓደኛ ነው። ከደለስ ኤርፖርት ወደ ቤቱ ሲሄድ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ጎራ ብሎ፣ ካርቶኑን በር ላይ አስቀምጦ «አድርሻለሁ» ብሎ ጻፈ። እኔ ሌሊት ሥራ አድሬ ተኝቻለሁ። ስነቃ በር ላይ ምንም የለም።

ስልኬን አነሳሁ። የካሜራው አፕ «9:40 ላይ በር ላይ ሰው ታይቷል» ይላል። ነካሁት። የቁልፍ ምልክት መጣ፣ ከሥሩ «ቪዲዮውን ለማየት ይመዝገቡ» የሚል። ለካ የነጻው 30 ቀን ካለቀ አራት ቀን ሆኖታል። የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ልተወው።

እንግዲህ በእጃችን ያለው «ሰው ታይቷል» የሚል አንድ መስመር ነው። ባለቤቴ «መጥቶ አስቀምጧል፣ ሌባ ወስዶታል» ይላል። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰውየውን ጠረጠርኩ። እንዴት ነው በ9:40 አንድ ሰው ብቻ የታየው? ሌባው የት አለ? ከሰውየው ጋር አንድ ሁለቴ ስልክ ላይ ቃላት ተወራወርን። ሦስት ሳምንት ተኮራረፍን።

ከዚያ ሦስተኛው ቤት ያሉት ሽማግሌ ከልጃቸው ዘንድ ከፍሎሪዳ ተመለሱና ካርቶኑን አቅፈው መጡ። የእኛ ታውንሃውሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀይ ጡብ፣ ጥቁር በር። ሰውየው የእሳቸው በር ላይ ነው ያስቀመጠው። በ9:40 የታየው ፖስተኛው ነበር። በርበሬው ደህና ነው። እኛ ግን አፍረናል።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ካሜራ በገዛ ቁጥር እኔን ይጠይቀኛል፤ «ልክፈል ወይስ ልተው?» ብዙዎች «ያን ቀን ከፍዬ ቢሆን ኖሮ» ብዬ ክፈሉ የምላቸው ይመስላቸዋል። አልልም። እኔ ራሴ ቤት ካሉት ሦስት ካሜራዎች የምከፍለው ለአንዱ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በነጻ ምን እንዳላችሁ እወቁ። አብዛኛው ካሜራ ሳትከፍሉ ዛሬን ያሳያችኋል። በር ላይ ሰው ሲመጣ ስልካችሁ ይጮኻል፣ አፑን ከፍታችሁ ታዩታላችሁ፣ ታናግሩታላችሁ። የምትከፍሉት ለትናንት ነው፣ ማለትም ተቀድቶ ኩባንያው ጋ፣ «ክላውድ» በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ለሚቀመጥላችሁ። የአማዞኑ ሪንግ ሳይከፈልበት ቅጂ አያስቀምጥም፤ የሚያሳየው የቀጥታውን ብቻ ነው። የጎግሉ ኔስት ጥቂት ሰዓት በነጻ ያቆይላችኋል፣ ከዚያ ያጠፋዋል። ታፖ፣ ዩፊ እና ሪኦሊንክ ደግሞ በሜሞሪ ካርድ ወይም ቤት ውስጥ በሚቀመጥ ሳጥን ላይ ስለሚቀዱ ትናንትንም ያለ ወርሃዊ ክፍያ ታያላችሁ። ስለዚህ ገና ካልገዛችሁ ጥያቄው ቀላል ነው፤ የታሸገበትን ካርቶን ገልብጣችሁ ካሜራው የሜሞሪ ካርድ ቦታ አለው ወይ ብላችሁ አንብቡ። ርካሹ ካሜራ በወርሃዊው ሊያስወድድ ይችላል።

ዋጋውም ባለበት አይቆምም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥቀስ። የሪንግ ዝቅተኛው ክፍያ ለአንድ ካሜራ በወር 3 ዶላር ነበር። በ2022 ወደ 4፣ በ2024 ወደ 5 ዶላር ተጠጋ። ኔስት 6 የነበረውን በ2023 ወደ 8 አደረገው፣ በኋላም ጨመረ። 5 ዶላር ቡና ነው ትሉ ይሆናል። በአምስት ዓመት 300 ዶላር ነው፤ ያውም ካልጨመረ። ካሜራው ራሱ ስንት ነበር የተገዛው?

አሁን ወደ ወረቀቱ።

ከበርበሬው በኋላ ተናድጄ ለአንድ ወር፣ ለሦስቱም ካሜራ ከፈልኩ። ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩ፣ እስክሪብቶ በክር አሰርኩበት። የተቀዳ ነገር ለማየት አፑን በከፈትኩ ቁጥር እጽፋለሁ። የትኛው ካሜራ? ለምን ከፈትኩት? ከስንት ሰዓት ወይም ከስንት ቀን በኋላ? ባላየው ምን ይቀርብኝ ነበር? ባለቤቴንም አስጻፍኩት፤ እያጉረመረመም ቢሆን ጻፈ።

እናንተ ይህን በነጻው የሙከራ ወር አድርጉት። ያ ወር የተሰጠው እንድትለምዱት ነው፤ እናንተ ቁጠሩበት።

የእኛ ወረቀት ላይ በወሩ መጨረሻ 23 መስመር ነበር። 14ቱ ከንቱ ነው። ድመት፣ ነፋስ የነዳው ቅጠል፣ አንድ ቀበሮ፣ አምስት ጊዜ ደግሞ ባለቤቴ ቆሻሻ ሲያወጣ። 6ቱ ፓኬጅ መጣ አልመጣ ለማየት ነው። 2ቱ ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት እንደገባ ነው፤ ዘግይቶ ነበር፣ እሱን ለብቻ ተነጋግረናል። አንዷ ግን ሌላ ናት። የቆመ መኪናችንን አንድ ቫን ገጭቶ ሄደ። ጭረቱን ያየነው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ቪዲዮው ላይ የቫኑ ታርጋ ባይነበብም ጎኑ ላይ የተጻፈው ይነበባል። ኢንሹራንሱ የጠየቀን ያንን ነው።

ከዚህ ወረቀት ሁለት ነገር አነበብኩ። አንደኛ፣ ከ23ቱ 21ዱ የፊት በር ካሜራ ነው። የጓሮው ሁለት፤ አንዱ ቀበሮው ነው። የሳሎኑ ዜሮ። ሁለተኛ፣ ፓኬጁንም ልጄንም ያየሁት በዚያው ቀን ስለሆነ የአንድ ቀን ቅጂ ይበቃ ነበር። የመኪናው ግን ሳምንት ያህል ፈለገ። ስለዚህ ሁለት ወር፣ ስድስት ወር እናስቀምጥላችኋለን የሚለው ማስታወቂያ ለእኔ ምንም አይደለም። ለፊት በር ብቻ፣ ዝቅተኛውን ያዝኩ። የሌሎቹን ሰረዝኩ።

ብዙ የምትጓዙ ከሆነ የእናንተ ወረቀት ሌላ ይላል። ሁልጊዜ ሰው ያለበት ቤት፣ ኖቲፊኬሽኑ ሲመጣ ወዲያው የሚያይ ሰው ካለ፣ ለትናንት መክፈል ብዙም አይታየኝም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሌላው ነገር የሜሞሪ ካርድ ነው። «ይበቃል?» ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሜራ በመካከለኛ ጥራት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢቀዳ በሰዓት 450 ሜጋባይት፣ በቀን ወደ 11 ጊጋባይት ነው። 128 ጊጋ ካርድ ሳያቋርጥ ቢቀዳ አሥር ቀን ግድም ይይዛል፤ ጥራቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይቅዳ ካላችሁት ደግሞ ሳምንታት ይሄዳል። ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ ይቀጥላል። ለካሜራ ተብሎ የተሠራውን ካርድ ግዙ፤ ተራው ቀን ከሌት ሲጻፍበት ቶሎ ይሞታል፣ መሞቱንም ማንም አይነግራችሁም። በወር አንዴ ከፍታችሁ ቅጂ መኖሩን እዩ።

የካርዱ ድክመት አንድ ነው፤ ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ከሄደ ትናንትም አብሮት ይሄዳል። እጅ የሚደርስበት የበር ደወል ላይ ይህ ያሰጋል፣ እኔም ለዚያኛው የምከፍለው ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከሆነ ወይም ቅጂው ቤት ውስጥ ያለ ሳጥን ላይ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም።

የሳሎኑን ካሜራ ቅጂ ግን ነጻም ቢሆን ክላውድ ላይ አላስቀምጥም። በ2023 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን፣ የሪንግ ሠራተኞች የደንበኞችን ቪዲዮ ያዩ ነበር ብሎ ሪንግን ከስሶ፣ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በ2024 የካቲት ላይ ደግሞ ወደ 13,000 የሚሆኑ ዋይዝ የሚባለው ካሜራ ደንበኞች የሌላ ሰው ቤት ምስል ስልካቸው ላይ መጥቶላቸዋል። እኔ ሳሎን ውስጥ በሌሊት ልብስ ነው የምዞረው። ካርድ ይበቃዋል፤ ቤት ስንሆን ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ።

በነገራችን ላይ ሜሪላንድ ያላችሁ የድምፁን ነገር አስቡበት። እዚህ የሰዎችን የግል ጨዋታ ለመቅዳት የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ የአንዱ ይበቃል። የእኔ በር ካሜራ ድምፅ አይቀዳም። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ከተማው በ2016 የጀመረው ለውጭ ካሜራ መግዣ ገንዘብ የሚመልስ ፕሮግራም እናንተን ይመለከት እንደሆነ ሳትገዙ ጠይቁ። የሚመልሰው የካሜራውን ነው፣ ወርሃዊው ከኪሳችሁ ነው።

ለአገር ቤት ካሜራ የምትገዙም አላችሁ፣ እኔም ገዝቻለሁ። ገርጂ እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ አለ። መጀመሪያ ከዚህ ሆኜ ልከፍልለት ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ክላውድ የሚሠራው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል፣ ካሜራውም ይጠፋል፤ በጠፋበት ሰዓት ለሆነው ነገር ብከፍልም ባልከፍልም ቅጂ የለም። ወርሃዊውን ገንዘብ ለአንድ ዓመት ብታጠራቅሙት ራውተሩንና ካሜራውን ጥቂት ሰዓት የሚያቆም ትንሽ ባትሪ ይገዛል። እኔ እሱን አደረግሁ፣ ካሜራው ውስጥ ካርድ አስገባሁ። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ያችን በሰዓት 450 ሜጋባይት አትርሷት። እኔ «ናፈቀኝ» ብዬ የግቢውን ካሜራ ግማሽ ቀን ስከፍት እናቴ የሞላችው ጥቅል አለቀ። ደውላ «ልጄ፣ እኔን ማየት ከፈለግሽ መጥተሽ እይኝ» አለችኝ።

ጥበቃው መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። «እኔን ነው የምትጠብቁት?» ብሎ ጠየቃት። እሷም እንግዳ ሲመጣ ካሜራው ላይ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች፤ ነውር ነው ትላለች። ለዚህ በወር ዶላር መላክ ምን ይባላል?

ልክፈል ካላችሁ ጥቂት ነገር ተጠንቀቁ። የሙከራው ወር የሚያልቅበትን ቀን፣ ከማለቁ ሦስት ቀን ቀድሞ እንዲጮህ ስልካችሁ ላይ ሙሉ፤ እኔን የጎዳኝ ይኸው ነው። የባንክ ካርድ ቁጥር አስገብታችሁ ከሆነ ደግሞ ሳታውቁት ሊቀጥል ይችላል። የዓመቱ ክፍያ የሚሻላችሁ ወረቀቱን ከሠራችሁ በኋላ ነው እንጂ በመጀመሪያው ቀን በቅናሽ ተታልላችሁ አይደለም። ስትሰርዙ የምትፈልጉትን ቪዲዮ አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ክፍያው ሲቆም ቅጂውም ሊሄድ ይችላል። ሁለትና ሦስት ካሜራ ካላችሁ የሁሉም ጥቅል ከአንዱ ስንት እንደሚበልጥ እዩ። ከወረቀቱ ላይ ዜሮ ያገኘ ካሜራ ግን በቅናሽም ዜሮ ነው።

የባለቤቴ ጓደኛ ታርቆናል። ይቅርታ የጠየቅነው እኛ ነን፣ ዶሮ ወጥ ሠርቼ፣ በዚያው በርበሬ። ባለፈው ፋሲካ ደግሞ ከእናቴ ሌላ ካርቶን ይዞ መጣ። ተኝቼ ነበር። ስነቃ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ሰውየው በራችን ፊት ቆሟል። የቤቱን ቁጥር በጣቱ እያሳየ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ድምፁ ባይሰማም አፉ ይታያል። ከዚያ ካርቶኑን ወደ ካሜራው ከፍ አደረገው። አስቀመጠው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና ደግሞ አንዴ አሳየን።