የአልዛይመር ምርምር ለሚጀምሩ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አልዛይመር ላይ መሥራት የጀመረ ተመራማሪ የሚፈራው ስታቲስቲክሱንና ማይክሮስኮፑን ነው። ዓመት የሚበላው ግን ብዙ ጊዜ ተራው ነገር ነው።

ናሙናን ባገኙት ቱቦ መቅዳት። በአልዛይመር በሽተኞች አንጎል ውስጥ የሚከማቸው አሚሎይድ ቤታ ተጣባቂ ፕሮቲን ነው። ከወገብ የተቀዳ የአከርካሪ ፈሳሽ የመስታወት ወይም የፖሊስታይሪን ቱቦ ውስጥ ሲገባ አሚሎይዱ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ማሽኑ የሚለካው የተረፈውን ነው። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ አሚሎይድ 42 የሚባለው (42 አሚኖ አሲድ ያለው) ዓይነት መጠን ዝቅ ማለት የበሽታው ምልክት ስለሆነ ጤነኛው ሰው በሽተኛ መስሎ ይወጣል። ፕሮቲን በማይዝ የፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ይቅዱ፣ ከቱቦ ወደ ቱቦ አያገላብጡ፣ ቢያንስ እስከ ግማሹ ይሙሉት፤ ፈሳሹ ባነሰ ቁጥር ግድግዳው የሚወስደው ድርሻ ይበዛል። አጠር ያለውን ዓይነት፣ አሚሎይድ 40ንም ለክቶ ለ42ቱ ማካፈያ ማድረግ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል።

አይጡን ማብረድ። ማደንዘዣ የወሰደ አይጥ ሰውነቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ከታው (በአልዛይመር በነርቭ ሴል ውስጥ ቋጠሮ ከሚሠራው ሌላው ፕሮቲን) ላይ ፎስፌት የሚያነሱት ኢንዛይሞች ይዳከማሉ፣ ፎስፌቱም ይከማቻል። ተመራማሪው መድኃኒቱ ታውን እንደለወጠ ይጽፋል፤ የለወጠው ግን የጠረጴዛው ብርድ ነው። ከሥሩ ማሞቂያ አንጥፈው፣ በፊንጢጣው ቴርሞሜትር አስገብተው 37 ዲግሪ ላይ ያቆዩት። ከሞተ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፎስፌቱ በፍጥነት ይረግፋል። ስለዚህ የሁሉም አይጥ አንጎል እኩል ደቂቃ ቆይቶ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይግባ።

አይጡ የማይሸከመውን ጥያቄ መጠየቅ። ፋይቭ ኤክስ ኤፍ ኤ ዲ የሚባለው ዝርያ በዘር ከሚወረሰው ብርቅ የአልዛይመር ዓይነት የተወሰዱ 5 የሰው ሚውቴሽኖችን ይዟል፤ በ2 ወሩ ገደማ የአሚሎይድ ክምችት ይታይበታል። የታው ቋጠሮ ግን አይሠራም። በሴቶቹ ላይ ክምችቱ ስለሚበረታ ጾታ ቀላቅሎ ማወዳደር ውጤቱን ያበላሻል። አንዳንድ የአይጥ መስመሮች ደግሞ ዓይን የሚያጠፋ ጂን ይወርሳሉ። በውኃ ገንዳ የማስታወስ ሙከራ «ረሳ» የተባለው አይጥ መንገዱን የሚለይበትን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ምልክት አላየ ይሆናል።

ከ3 አይጦች 300 ነርቭ ሴል ቆጥሮ ናሙናዬ 300 ነው ማለት። የአንድ አይጥ ሴሎች ራሳቸውን የቻሉ ናሙናዎች ስላልሆኑ ናሙናው 3 ነው።

የሌላውን ግኝት ሳይደግሙ የዶክትሬት ሥራ መመሥረት። እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ አሚሎይድ ቤታ ስታር 56 የተባለ ስብስብ በአይጦች ላይ የማስታወስ ችግር እንደሚያመጣ ገለጸ፤ ብዙዎችም ጠቀሱት። ምስሎቹ ተነካክተው በመገኘታቸው ጽሑፉ በ2024 ተሻረ። የመጀመሪያዎቹን ወራት መሠረት የሚያደርጉትን ውጤት በራስዎ እጅ ለመድገም ይስጡ። የራስዎንም ያልተቆረጡ ምስሎች ከነቀናቸው ያስቀምጡ።

የማስታወስ ፈተናን ቃል በቃል መተርጎም። በአማርኛ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። 30 ነጥብ ያለው ሚኒ ሜንታል ፈተና ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ይጠይቃል። ዋሽንግተን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት በኛ አቆጣጠር ቢመልሱ፣ ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ «ተሳስተዋል» ተብሎ ሊጻፍባቸው ነው። 5 ፊደል ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከኋላ ወደ ፊት አስቆጥሮ 5 ነጥብ የሚሰጠው ጥያቄ «ዓለም» ተብሎ ሲተረጎም ፊደሉ 3 ብቻ ይሆናል። «አስተማሪ» 5 ፊደል አለው፤ ያልተማረ ሰው ላይ ግን እሱም አይሠራም፣ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ሰኞ ቢያስቆጥሩ ይሻላል። ሞካ በሚባለው ሌላ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ሰዓት ሥለው አሥራ አንድ ከአሥር ላይ እንዲያደርጉት የተጠየቁ አዛውንት አጭሩን ዘንግ 5 ላይ ቢያደርጉት ትክክል ናቸው፤ ሰዓታቸውን በኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች ደግሞ 11 ላይ ያደርጉታል። ሁለቱም እንዴት እንደሚታረሙ የመጀመሪያው ሰው ከመፈተኑ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። የማለፊያውንም ነጥብ ከውጭ አይቅዱ፤ ጤነኛ አረጋውያንን በትምህርት ደረጃ ለይተው ፈትነው ያውጡት።