የሜሊዬስን ምትሃት የሚያበላሹ ስህተቶች

ፈረንሳዊው የፊልም ፈር ቀዳጅ ዦርዥ ሜሊዬስ ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት በፓሪስ የምትሃት ቴአትር ባለቤት ነበር። በፊልም ሰውን የማጥፋትና የማባዛት ዘዴውን በስልክ የሚሞክሩ ጀማሪዎች ግን ዘወትር የሚወድቁት በእነዚሁ ስህተቶች ነው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«ሰውን ለማጥፋት ካሜራውን አቁሞ፣ ሰውየውን አስወጥቶ ማስነሳት ይበቃል» ይባላል። አይበቃም! ስንት ጊዜ ይነገር? የሜሊዬስ ካሜራ በእጅ የሚዞር ነበር። ሲቆምና ሲነሳ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ያኔ ፍሬሙ (ፊልሙ ላይ ያለው አንዱ ምስል) ብርሃን በዝቶበት ይነጣል። ስለዚህ የተበላሹትን ፍሬሞች ቆርጦ ያወጣና ጫፍና ጫፉን ያጣብቅ ነበር። ምትሃቱ ያለቀው በመቀስ ነው። እናንተም ስልኩን ትራይፖድ ላይ እሰሩት፤ ፎከሱን፣ ብርሃኑንና ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ቆልፉ። ቀረጻውን አታቋርጡ፣ ጣታችሁ ቁልፉን ሲነካ ምስሉ ይነቃነቃል። ተዋናዩ እጁን እያነሳ ሳለ «ቁም!» በሉት፤ የሚጠፋው ሰው ይውጣ፤ ተዋናዩ ከዚያው ይቀጥል። ኤዲት ላይ እጁ በእንቅስቃሴ ላይ ባለበት ፍሬም ቁረጡ። ደርቆ ከቆመ ሰው ላይ ከቆረጣችሁ ተመልካቹ ይነቃባችኋል። ጭስ ካለ ከመቆረጫው ቀጥሎ ይነሳ።

በቀለም ያጌጠ መድረክ ቀርጾ ኋላ ጥቁርና ነጭ ማድረግም አይሠራም። የዘመኑ ፊልም ቀይን ጥቁር፣ ሰማያዊን ነጣ ያለ አድርጎ ያወጣ ስለነበር ሜሊዬስ መድረኩን በግራጫ ያስቀባ ነበር። እንደዚያው አድርጉ፤ ካልሆነ ኤዲት ላይ የሰማያዊውን ቻናል (የምስሉን ሰማያዊ ብርሃን) ብቻ ተጠቀሙ።

ራስን ማባዛት የሚበላሸው በጀርባው ነው። በ1900 ሜሊዬስ አንዱን ፊልም ደጋግሞ ወደኋላ እየመለሰና በላዩ እየቀረጸ ሰባት ሙዚቀኛ ሆነ። ጀርባው ጥቁር ካልሆነ የቀደመው ምስል ይታጠባል። ከፋይ ጨርቅ ይሻላል፤ ሳቲን ያብለጨልጫል።

በ1901 ፊልሙ ላይ ያለውን የሚያብጥ ራስ በዙም መሥራት? ካሜራው ንቅንቅ አላለም። ሜሊዬስ ራሱ ነው በዘንበል ያለ መንገድ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ካሜራው የተጎተተው።

ጭረትና አቧራ መጨመር፦ ተዉት። ያኔ ኮፒው አዲስ ነበር።

«ፊልሞቹ ሁሉ ተቃጥለዋል» የሚለውም ስህተት ነው። ነጌቲቮቹን (ኮፒ የሚወጣባቸውን ዋና ፊልሞች) በ1923 ያቃጠለው ራሱ ቢሆንም፣ ኮፒዎች አስቀድመው በየአገሩ ተሸጠው ስለነበር ከ500 በላይ ከሚሆኑት ወደ 200 ገደማ ተርፈዋል። የ1902ቱ ፊልሙ «የጨረቃ ጉዞ» ባለቀለም ኮፒ በ1993 ባርሴሎና ተገኝቶ፣ ታድሶ በ2011 ታየ። 13,375ቱን ፍሬም በብሩሽ የቀቡት ሴቶች ስለነበሩ ቀለሙ ከልብሱ ጠርዝ ወጣ ገባ ይላል። ቀለም ስትቀቡ ጠርዙን አታስተካክሉት።