መብራት ሲመጣ ቮልቴጁ መልሶ እንዳይወድቅ ምን እናድርግ?

ልደታ ወይም አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መብራት ይመጣል። አምፖሉ ፍዝዝ ይላል፣ ፍሪጁ እያቃሰተ ለመነሳት ይታገላል፣ ከዚያ ብሬከሩ ይወርዳል። ሁላችንም መስመሩን እንወቅሳለን። በየቤታችን ያሉት ሞተሮችም ግን ድርሻ አላቸው።

ሞተር ከቆመበት ሲነሳ በሥራ ላይ ከሚስበው ከረንት ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 154፣ ማለትም ወደ 70 በመቶ ከወረደ ደግሞ የማዞር ጉልበቱ 49 በመቶ ብቻ ይሆናል። ሸክሙን ማዞር ያቅተውና ቀጥ ይላል። ቆሞም መሳቡን አይተውም፤ ቮልቴጁን ይብስ ያወርደዋል፣ የጎረቤትን ሞተርም ያስቆማል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል። መሐንዲሶች የአጭር ጊዜ የቮልቴጅ አለመረጋጋት የሚሉት ይህንን ነው፤ የአገር መስመርንም ሊጥል ይችላል።

1. መብራት እንደጠፋ ሞተር ያለውን ሁሉ ንቀሉ። ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የውሃ ፓምፕ። መምጣቱን እንድታውቁ አንድ አምፖል ይብቃችሁ።

2. ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ታገሡ። የፍሪጅ ኮምፕረሰር በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ወዲያው ከተሰካ ያንን ግፊት እየገፋ ነው የሚነሳው፣ ብዙ ጊዜም አይችልም። ስታቢላይዘራችሁ (ቮልቴጅ የሚያስተካክለው መሣሪያ) የማዘግያ ቁልፍ ካለው 3 ደቂቃ ላይ አድርጉት።

3. ተራ በተራ ሰኩ። መጀመሪያ ፍሪጅ፣ ድምፁ ሲረጋ ሌላው። ምጣድ ሞተር ስላልሆነ ቆሞ የሚያስቸግር ነገር የለውም፤ ግን መስመሩን በጣም ስለሚጫን መጨረሻ ይሁን። እንጀራው ትንሽ ቢቆይ አይጎዳም።

4. የሕንጻው ኮሚቴም ሥራ አለበት። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ትልቁ ሞተር የጋራው ፓምፕ ነውና። ፓምፑ ስሪ ፌዝ (በሦስት የኃይል ሽቦ የሚሠራ) ከሆነ በስታር ዴልታ፣ ማለትም መጀመሪያ በዝቅተኛ ቮልቴጅ በሚያስነሳ ማገናኛ፣ ሲነሳ ከመስመሩ የሚስበው ከረንት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ ሶፍት ስታርተርም አለ። ቮልቴጅ ሲያንስ የሚያጠፋ ሪሌይም ይጨመርለት። የማዘግያ ሰዓቶቹንም አለያዩ፦ ምድር ቤት ያለው የሥጋ ቤቱ ፍሪጅ በ3 ደቂቃ፣ ፓምፑ በ6፣ ሊፍት ካለ በ9። ሁሉም 3 ላይ ከሆኑ ያው አብረው ነው የሚነሱት።

5. ስታቢላይዘርን ብቻ አትመኑ። የወረደውን ቮልቴጅ ወደ 220 የሚያነሳው ከመስመሩ ብዙ ከረንት ስቦ ነው። እያንዳንዱ ቤት እንዲህ ሲያደርግ ሰፈሩ ይብስ ይወርዳል። ስትገዙ ቮልቴጅ በጣም ሲያንስ ራሱ የሚያጠፋውን ምረጡ።

6. ለኩ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ቮልት መለኪያ ይበቃል። ከ198 በታች ከሆነ ሞተሮቹን አትስኩ። ሁኔታው ከቀጠለ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉና የለካችሁትን ከነሰዓቱ ንገሯቸው። «ኃይል አንሷል» ከማለት «ማታ 1 ሰዓት ላይ 175 ቮልት ነበር» ማለት ለጥገና ሠራተኛው በጣም ይጠቅመዋል።